ገንዘብ አያያዝን ለሕፃናት ስለ ማስተማር

ስለ ገንዘብ አያያዝ ትምህርት ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድማ የምትመጣው ቃል «ቁጠባ» ናት። መምህሩ ልጆቹን ሰብስቦ ሳንቲም እንዲያጠራቅሙ ይመክራል፤ ስለ ቁጠባ ጥቅም አጭር ድርሰት እንዲጽፉ ያዛል፤ ትምህርቱም በዚሁ ያበቃል። ምክሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ገንዘብን በኀላፊነት መያዝ ማለት ከማውጣት መታቀብ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ የሚያቀርብ ትምህርት፣ ልጁ በዕለት ኑሮው ከሚገጥመው ነገር አብዛኛውን ሳይነካ ያልፋል። ይልቁንም ቁርሱን ሳይበላ ወደ ክፍል ለሚመጣ ልጅ ስለ ቁጠባ መስበክ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ነቀፋ ሊመስለው ይችላል። ይህ ጽሑፍ ትምህርቱ ከምክር ይልቅ ልጆች አስቀድመው በሚያውቁት የገንዘብ ልምድ፣ ከሁሉም በላይ በዕቁብ ላይ ቢመሠረት የተሻለ እንደሚሆን ለማስረዳት የቀረበ ነው።

ልጁ ይዞት የሚመጣው ዕውቀት

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ሱቅ ተልኳል። ብር ይዞ ሄዷል፤ መልስ ተቀብሏል፤ መልሱ ጎድሎ ተገኝቶም ተቈጥቶት ይሆናል። ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ገልጦ የእናቱን ስም ሲጽፍ አይቷል። በከተማ ቆሎ የሚሸጥ፣ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ደግሞ መነሻ ገንዘብንና ትርፍን መለየት የሚያውቀው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሳይሆን፣ ነገ የሚሸጠው ቆሎ ወይም የሚቀባው ቀለም ዛሬ ካገኘው ላይ መገዛት ስላለበት ነው። በገጠርም አንዲት ዶሮ የተሰጠችው ልጅ ዕንቁላሉን ሸጣ ደብተር ትግዛ ወይስ አስታቅፋ ጫጩት ታስፈልፍል ብላ ስትወስን፣ አንድ የምጣኔ ሀብት ተማሪ በኋላ በመጽሐፍ የሚያነበውን ጥያቄ እየመለሰች ነው። ፈንግል ገብቶ ዶሮዋን ቢገድልባት ደግሞ ሀብትን ሁሉ በአንድ ቦታ ማድረግ የሚያስከትለውን አደጋ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ሕፃናት ራሳቸው ያገኙትን ገንዘብ በብዛት የሚይዙበት ወቅት መኖሩም ልብ ሊባል ይገባል። ለቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆች ቀድሞ የሚሰጣቸው ሙልሙል ነበር፤ በከተሞች ግን ዛሬ ገንዘብ መስጠት ተለምዷል። ከዚያም ከሦስት ሳምንት ጥቂት ቀናት አለፍ ብሎ ለዕንቁጣጣሽ ወንዶቹ የሳሉትን ሥዕል ይዘው፣ ልጃገረዶቹም አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በዒድ በዓላትም ለልጆች ገንዘብ መስጠት የቈየ ልማድ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ቡሄና ዕንቁጣጣሽ የሚውሉት ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሲሆን፣ ይህም ወላጅ ለደብተር፣ ለእስክሪብቶና ለደንብ ልብስ የሚጨነቅበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ የመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ለዚህ ትምህርት ተስማሚ ይሆናሉ ማለት ነው። መምህሩ ሊያነሣቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች በልጆቹ እጅ ናቸው። የሆያ ሆዬ ገንዘብ ሲከፋፈል አውጪው ከተቀባዮቹ የበለጠ ይገባዋልን? ትንሹ ልጅ እኩል ደክሞ ግማሽ ቢሰጠው ፍርድ ነው? ገንዘብ ያዥ ሆኖ የዋለው ልጅ «ይህን ያህል ነው የሰበሰብነው» ሲል ሌሎቹ በምን ያረጋግጣሉ? ሥዕል ያዞረው ልጅስ ለወረቀትና ለቀለም ያወጣውን ሳይቀንስ «60 ብር አገኘሁ» ቢል ትክክል ነውን? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ልጆች በጋለ ስሜት ሲከራከሩ ያየ መምህር፣ ሌላ ማነሣሻ አያስፈልገውም።

የትምህርት ቤት ቁጠባ አመጣጥና የዋጋ ነገር

በትምህርት ቤት መቈጠብን በሥርዓት የጀመረው ሥራ ከሚጠቀስባቸው አገሮች አንዷ ቤልጅግ ናት። በጌንት ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር የነበረው ፍራንስዋ ሎራን እ.ኤ.አ. በ1866 በከተማይቱ ትምህርት ቤቶች ልጆች ጥቃቅን ሳንቲሞቻቸውን በመምህሩ አማካይነት ወደ ቁጠባ ባንክ የሚያስገቡበትን አሠራር አስጀመረ። አሠራሩ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ፤ በ1885ም ትውልዱ ቤልጅጋዊ የሆነ ቲሪ የተባለ ሰው በአሜሪካ በሎንግ አይላንድ ሲቲ አስጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1924 በሚላኖ የተሰበሰበው የቁጠባ ባንኮች ጉባኤም ኦክቶበር 31 የቁጠባ ቀን ሆኖ እንዲከበር ወሰነ።

ይህ አሠራር መልካም ፍሬ ማፍራቱ አይካድም። ሆኖም የተወለደው የገንዘብ ዋጋ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ጸንቶ በሚቈይበት ዘመን ነበር። የጌንት ልጅ በሰባት ዓመቱ ያስቀመጠው ሳንቲም ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ከሞላ ጎደል ያንኑ ዳቦ ይገዛለት ነበር። የቤልጅግ ፍራንክም ቢሆን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዋጋው ሲወድቅ የዚያ ዘመን ቈጣቢዎች ብዙ አጥተዋል።

የእኛ ልጆች የሚኖሩት ዋጋ በየጊዜው በሚለዋወጥበት ገበያ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋው ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። ሒሳቡን የላይኛው አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው ይችላል። 100 ብር በ7 በመቶ ወለድ በዓመቱ 107 ብር ይሆናል፤ በ100 ብር ይሸጥ የነበረው ዕቃ ግን 130 ብር ይሆናል፤ ስለዚህ የተቈጠበው ገንዘብ ከነወለዱ የሚገዛው የቀድሞውን 82 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱም ልጆች ከወላጆቻቸው አፍ የሚሰሙት ነገር ነው።

ታዲያ ቁጠባ ይቅር እንበልን? አይደለም። ነገር ግን «ገንዘብህን ብታስቀምጥ ይበዛልሃል» ብሎ ለልጅ ማስተማር፣ ልጁ ራሱ በሱቅ የሚያየውን እንዲክድ ማስገደድ ነው፤ አንድ ጊዜ ያላመነውን መምህር ደግሞ በሌላውም ነገር ለማመን ይቸገራል። እውነተኛው ትምህርት ቁጠባ ምን እንደሚጠቅም ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ድንገተኛ ችግር ሲመጣ በእጅ የሚገኝ ገንዘብ ዋጋው ቢቀንስም ካለመኖሩ ይሻላል። ለመስከረም የሚያስፈልገው ደብተር ግን በሰኔ ገንዘቡ ካለ በሰኔ ቢገዛ ይመረጣል። ገበሬው አባት ትርፉን በበግ ወይም በእህል የሚያኖረው ባንክ ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ይህንኑ ሒሳብ በራሱ መንገድ ስለሠራው ጭምር ነው።

በቤት ውስጥ ሣጥን ማጠራቀምም የራሱ እንከን አለው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የብር ኖቶች ሲታወቁ፣ አሮጌዎቹን የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በጊዜው ለሰማው ቤተሰብ ችግር አልነበረም፤ በሣጥን ያለን ገንዘብ የረሳ ሰው ግን የተረፈው ወረቀት ብቻ ነበር።

ዕቁብ በክፍል ውስጥ

ከዚህ በላይ የተነሡትን ነገሮች ሁሉ፣ ማለት ማስቀመጥን፣ መበደርን፣ ጊዜን፣ ዋጋን፣ መዝገብንና ቃልን መጠበቅን፣ በአንድ ላይ አቅፎ የሚገኝ ተቋም በአገራችን አለ፤ ይኸውም ዕቁብ ነው። መምህራን ራሳቸው በደመወዛቸው ዕቁብ የሚጥሉ ሆነው ሳለ በክፍል ውስጥ ስለ እርሱ ብዙም አለመነገሩ የሚያስገርም ነው።

12 ተማሪዎች በየሳምንቱ 10 ብር ቢጥሉ ዕጣ የሚወጣለት ልጅ 120 ብር ይወስዳል፤ በ12 ሳምንት ዕቁቡ ይዞራል። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ 120 ብር ሰጥቶ 120 ብር ተቀብሏል። እንግዲያውስ ማን ተጠቀመ? ልጆች መጀመሪያ «ሁሉም እኩል ነው» ይላሉ። መምህሩ ግን በየሳምንቱ ሰሌዳው ላይ ሒሳቡን ያስጽፋቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ልጅ ከኪሱ 10 ብር አውጥቶ 120 ተቀብሏል፤ ስለዚህ የጓደኞቹ 110 ብር ዕዳ አለበት፤ ያለ ወለድ ተበድሯል ማለት ነው። በስድስተኛው ሳምንት የደረሰው 60 ብር ከፍሎ ስለነበር የቀረበት 60 ብር ነው። የመጨረሻው ልጅ ደግሞ ቀደም ሲል 110 ብር ለሌሎቹ ያበደረ ቈጣቢ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 40 ብር የነበረ ደብተር በመጨረሻው ሳምንት 48 ብር ቢገባ፣ የመጀመሪያው ልጅ 3 ደብተር ይገዛል፤ የመጨረሻው 2 ገዝቶ 24 ብር ይተርፈዋል። የገንዘብ ዋጋ በጊዜ መለወጡን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ከዚያም አስቸጋሪው ጥያቄ ይከተላል። የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት መክፈሉን ቢያቆም ምን ይደረጋል? አዋቂዎቹ ለዚህ መልስ አዘጋጅተዋል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋስ የሆነው ሰው ባልበላው ዕዳ ሊጠየቅ እንደሚችል ልጆች ሲረዱ፣ ስለ እምነት የሚደረገው ውይይት ከግብረ ገብ መጽሐፍ ተነጥሎ ሕይወት ያገኛል። ዕጣ የደረሰው ሰው ለተቸገረ አባል በቅናሽ ዕጣውን የሚሸጥበት ልማድም አለ። 120 ብሩን ዛሬ ለማግኘት 110 ብር ብቻ ለመቀበል የተስማማው ልጅ ስለ ወለድ ማንነት ግማሹን ተረድቷል፤ ቀሪውን ግማሽ የሒሳብ መምህሩ በመቶኛ ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በዝቅተኞቹ ክፍሎች በእውነተኛ ገንዘብ ዕቁብ ማስጣል ተገቢ ሆኖ አይታየኝም። ገንዘብ ማምጣት የማይችለው ልጅ በጓደኞቹ ፊት ድህነቱ ይገለጥበታል፤ የጠፋ ብር ቢኖርም ጥርጣሬው በማን ላይ እንደሚያርፍ መገመት አያዳግትም። ባቄላ፣ ጠጠር፣ ወይም ከካርቶን የተቈረጠ ወረቀት ለትምህርቱ በቂ ነው። በከፍተኞቹ ክፍሎች በክበብ ደረጃ በእውነተኛ ገንዘብ ይካሄድ ከተባለም፣ ወላጅ ማወቅ አለበት፤ መምህሩ ገንዘቡን በኪሱም በመሳቢያውም ሊያኖር አይገባም፤ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሁለት የተለያዩ ተማሪዎች ይሁኑ፤ መዝገቡም ለአባል ሁሉ ክፍት ይሁን። በአንዳንድ ቦታ እንደሚደረገው ብዙ የቈጠቡትን ስም በግድግዳ መለጠፍ የአባትን ኪስ ከመሸለም ተለይቶ አይታይም።

በዐይን ስለማይታይ ገንዘብ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ብዙ ልጆች ወላጆቻቸው ሲከፍሉ የሚያዩት ስልክ ሲነኩ ነው። መቶ ብር ከእጅ ሲወጣ የሚሰማው ነገር በቁጥር ሲቀነስ አይሰማም። ትምህርቱም ይህን ጉድለት በጽሑፍ መሙላት አለበት፤ የሚደርሰውን የክፍያ መልእክት ማንበብ፣ የቀደመውን ቀሪ ሒሳብ ካሁኑ ጋር ማመሳከር፣ ምስጢር ቁጥርን ለማንም አለመንገር እንደ ፊደል ንባብ ሊለማመዱት የሚገባ ነው።

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በደረሰ ችግር ምክንያት፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ችለው ነበር። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በፍጥነት ተዛመተ፤ ብዙዎችም ወደ ገንዘብ ማውጫ ማሽኖች ሄዱ። ባንኩ እንዲመልሱ ከጠየቀ በኋላ በርካቶቹ መልሰዋል፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እስከ ማውጣትም ደረሰ። እነዚያ ወጣቶች ከጥቂት ዓመታት በፊት በእኛው ክፍሎች የተቀመጡ ነበሩ። ባለሱቁ ተሳስቶ ትርፍ መልስ ቢሰጠው የሚመልስ ልጅ በማሽን ፊት ለምን እንደሚለወጥ፣ ከማሽኑ ጀርባ ያለው ባለገንዘብ ማን እንደ ሆነ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ቢወያዩበት ጊዜው ገና አልፏል አይባልም።

ለመጽሐፍ አዘጋጆች

ለዚህ ሁሉ አዲስ የትምህርት ዐይነት መክፈት አያስፈልግም፤ የክፍለ ጊዜው ድልድል ከአሁኑም የተጣበበ ነው። የሒሳብና የግብረ ገብ መምህራን በመስከረም ሁለት ሳምንት ተነጋግረው ቢሠሩ ይበቃል። ከመጽሐፍ አዘጋጆች የሚጠበቀው ግን አንድ የተለየ ነገር አለ። የሒሳብ መጽሐፍ ከታተመ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ በውስጡ የተጻፈው የብርቱካንና የስኳር ዋጋ ግን በሁለተኛው ዓመት ልጆቹን የሚያስቅ ይሆናል። ስለዚህ በመልመጃዎቹ የዋጋው ቦታ ክፍት ይተውና ልጁ በሠፈሩ ሱቅ ወይም በቅዳሜ ገበያ ጠይቆ ይሙላው፤ ቀኑንም ከጎኑ ይጻፍ። መምህሩ ያንን ወረቀት ሰብስቦ ቢያስቀምጥ፣ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ያንኑ ጥያቄ በአዲስ ዋጋ ሠርተው ሁለቱን ጎን ለጎን ሊያዩት ይችላሉ።