ለተለወጠ ቢስክሌት የሚስማማውን የፍሬን እጀታ ስለ መምረጥ

ኢታንግ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኝ፤ ምድሯም ሜዳ የሆነ ከተማ ናት። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል፤ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ በዚችው በኢታንግ አጠገብ እንዲከራይ ተጽፎ ነበር፤ ጣቢያው ግን ኋላ የተቆረቆረው ከወንዙ ወደ ላይ በጋምቤላ ነው። ያን ዘመን ሸቀጥ የሚጠበቀው በመርከብ ነበር። ዛሬ ዱቄቱንም ልጁንም ከቤት ወደ ገበያ፤ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ለማድረስ፤ ዳገት በሌለበት አገር ቢስክሌት መልካም አገልጋይ ነው።

አሁን አሁን አሮጌውን ቢስክሌት ሳይጥሉ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ገጥሞ መለወጥ በብዙ አገር ተለምዷል። ይህን ለማድረግ ያሰበ የቤት አባወራ ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ባትሪው ዕድሜ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ስለ ፍሬኑ እጀታ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቁልቁለት በሌለበት አገር ፍሬን ምን ያደርጋል የሚል አሳብ ያድርበታልና። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በእግር ሲነዳ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ ቢስክሌት በሞተር 25 ቢሄድ፤ ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። የባትሪውና የሞተሩ ክብደት፤ በኋላ መቀመጫ ላይ ያለውም ሕፃን ገና አልተቆጠረም። እግርን ከጎማ ላይ አሳርፎ ማቆም የለመደ ልጅ በዚህ ፍጥነት እግሩን ይጎዳል።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የቢስክሌቱን ፍሬን መመርመር ያስፈልጋል። በብዙዎቹ የቀድሞ ጥቁር ቢስክሌቶች ላይ እጀታው የሚስበው ካቦ ሳይሆን የብረት ዘንግ ነው፤ የፍሬኑም ላስቲክ ቸርኬውን የሚነካው ከውስጥ በኩል ነው። የዚህ ዓይነቱ ቸርኬ ጎኑ ክብ ስለሆነ፤ የካቦ እጀታ ገዝቶ ብቻውን መግጠም ከንቱ ድካም ነው፤ ቸርኬውም ፍሬኑም አብረው መለወጥ አለባቸው። እኛ እንደምናስበው፤ ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ሞተሩ ይቆይ።

ፍሬኑ የካቦ ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እጀታዎች በመልክ ይመሳሰላሉ እንጂ ካቦ የሚስቡበት ልክ አንድ አይደለም። ሺማኖ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በ1990ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ለገበያ ያቀረበው፤ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ያሉት ፍሬን፤ ብዙ ካቦ የሚስብ እጀታ ይፈልጋል። ከላይ ሆኖ እንደ መቆንጠጫ የሚይዘው የቀድሞው ፍሬን ግን ጥቂት ካቦ የሚስበውን ይፈልጋል። ለመለየት፤ እጀታው ከሚዞርበት ብሎን አንሥቶ የካቦው ራስ እስከሚያርፍበት ድረስ በማስመሪያ መለካት ነው፤ 30 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ብዙ የሚስብ፤ 20 ወይም 25 ቢሆን ጥቂት የሚስብ ነው።

ቢለዋወጡ ምን ይሆናል? ብዙ የሚስበው እጀታ ለመቆንጠጫው ፍሬን ቢገጠም፤ ሲጨብጡት ደንደን ያለና ጠንካራ ይመስላል፤ ገዢውም በሱቁ ደጅ ጨብጦ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ቸርኬውን የሚጫነው በደካማ ኃይል ነው። ጥቂት የሚስበው እጀታ ለረጅም ክንዱ ፍሬን ቢገጠም ደግሞ፤ ላስቲኩ ቸርኬውን በሚገባ ሳይዝ እጀታው ከመሪው ጋር ይገጥማል። ስለዚህ በእጅ የጠነከረውን ሁሉ መልካም ነው ብሎ መግዛት አይገባም።

የሚጋልበው ማን እንደሆነም ይታሰብ። በአንድ ቤት አባትም እናትም የ14 ዓመት ልጅም በተራ የሚጠቀሙበት ከሆነ፤ እጀታውን ወደ መሪው የምታቀርብ ትንሽ ብሎን ያለችበት ይመረጥ፤ ልኩም በትንሿ እጅ ይሁን። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ፤ አካሉም ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ከላስቲክ ከተሠራው ይሻላል። ባለ ሞተር ቢስክሌት ከሆነ፤ እጀታው ሲሳብ የሞተሩን ኃይል የሚያቋርጥ ማጥፊያ ያስፈልገዋል፤ ሰው ደንግጦ የሞተሩን መስጫ እንደ ጨበጠ ፍሬን ቢይዝ፤ ሞተሩና ፍሬኑ እርስ በርሳቸው ይታገላሉና። ማጥፊያ ያለበት እጀታ ለፍሬኑ ልክ የማይሆን ቢሆን፤ ልክ በሆነው እጀታ ላይ የምትለጠፍ በማግኔት የምትሠራ ማጥፊያ አለች፤ ያችን መግዛት ይበልጣል።

በክረምት ባሮ ሲሞላ ጭቃ፤ በበጋ አቧራ ወደ ካቦው ሽፋን ይገባል። እጀታው ሲለወጥ ካቦውና ሽፋኑም አብረው ይለወጡ፤ የማጥፊያዋም ሽቦ መጋጠሚያ ውሃ እንዳይገባበት ወደ ታች ዞሮ ይታሰር። ከተገጠመ በኋላ፤ ሕፃን ሳይሆን በሕፃን ክብደት ልክ የሆነ የእህል ከረጢት በኋላ ጭኖ በባዶ ሜዳ መነዳትና ፍሬን ይዞ የቆመበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት ማድረግ ነው። ቀጥሎም በቸርኬው ላይ ውሃ አፍስሶ እንደገና መሞከር ነው። ቸርኬው የብረት ከሆነ ሁለተኛው ድንጋይ ከፊተኛው እጅግ ርቆ ይቀመጣል፤ የዝናብ ቀን መንገድ የሚለካውም በዚህ በሁለተኛው ድንጋይ ነው።