ከሮግስቬድ እስከ ኮዬ ፈጬ፦ ትራንስፖርትን በምን እንለካ?

ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ከተማ ማወዳደር እንወዳለን። «እዚህ እኮ ባቡሩ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ አዲስ አበባ ግን…» እያልን ቡናውን እንጨርሳለን። ወሬው ሐሰት አይደለም፤ ግን ለማንም አይጠቅምም። ንጽጽር የሚጠቅመው ምን እንደምንለካ ስናውቅ ነው።

የምኖርባትን ሮግስቬድን ልውሰድ። በደቡብ ስቶክሆልም ያለች፣ የሀብታም የማትባል ሰፈር ናት። ቤቶቿ በብዛት የተሠሩት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ቱነልባና የሚሉት የከተማ ባቡርም በ1959 ደረሰላት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቤቱና ባቡሩ አብረው መጡ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እንደ ኮዬ ፈጬ ባሉ ዳር ሰፈሮች ሕዝቡ ኮንዶሚኒየም ከገባ በኋላ ነው የትራንስፖርቱ ፍለጋ የሚጀመረው። እንግዲህ አንዱ መለኪያ ይህ ይሁን፦ ነዋሪው ቁልፍ ከተረከበ ከስንት ጊዜ በኋላ አስተማማኝ አውቶቡስ አገኘ?

ሁለተኛው መለኪያ የሚሠራው ነው እንጂ የተገዛው አይደለም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2015 ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመርና 41 ባቡሮች ነበሩት። በወረቀት ላይ የሚያኮራ ቁጥር ነው። ዓመታት ሳይቆዩ ግን በመለዋወጫና በጥገና ችግር አብዛኞቹ ባቡሮች ቆሙ። ሐዲዱን ብቻ የቆጠረ ሰው ይህን አያይም፤ ሜክሲኮ አደባባይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ግን ያውቀዋል።

ሦስተኛው እግረኛው ነው። የከተማዋ የራሷ ዕቅድ እንደሚለው፣ በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ 54 በመቶው በእግር ነው፤ በግል መኪና የሚሆነው 15 በመቶ ብቻ። መኪና ብቻ ከቆጠርን ከግማሽ በላይ የሆነውን ሕዝብ ከሠንጠረዡ ሰረዝነው ማለት ነው።

ከስቶክሆልም የምወስደው ትምህርት ሀብቱን ሳይሆን ልኬቱን ነው። በ2006 መሀል ከተማ በሚገቡና በሚወጡ መኪኖች ላይ ቀረጥ ሲሞከር፣ አስቀድመው አውቶቡስ ጨመሩ፤ ከሙከራው በፊትም፣ በሙከራው ጊዜም፣ ከዚያም በኋላ ቆጠሩ። የመኪናው ፍሰት በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። መጀመሪያ ብዙ ሰው ተቃውሞ ነበር፤ ውጤቱን ካየ በኋላ ግን የከተማው ነዋሪ በድምፁ ደገፈው። በ2007 ቀረጡ ቋሚ ሆነ።

አዲስ አበባ ዛሬ በኮሪደር ልማት መንገዷን፣ የእግረኛና የብስክሌት መስመሯን እየቀየረች ነው። «ተሻሻለ» የሚለውም «ባሰ» የሚለውም ወገን ማስረጃ ሊያቀርብ ይገባል። በየወሩ ሦስት ቁጥር ይፋ ቢደረግ ብዙ ነገር ይጠራል፦ በቀን ስንት አውቶቡስና ባቡር ሠራ? ተሳፋሪው ስንት ደቂቃ ጠበቀ? ስንት እግረኛ በመኪና ተገጨ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ በሙያው ያላችሁ ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ እጃችሁን አስገቡ። ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ከአንድ ፌርማታ ላይ የአንድ ጠዋት የጥበቃ ደቂቃ መዝግቦ ማምጣት እንኳ ከአንድ ዓመት የቡና ላይ ንጽጽር ይበልጣል።