ምድጃው ብቻውን እንጨት አይቆጥብም

ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ምርጥ ምጣድ ልታስተክል በቆረጠች ሳምንት ደጃፏ በመካሪ ተሞላ። አንዷ ጎረቤት «እንጨቱን ግማሽ ያደርግልሻል» አለቻት። ሌላዋ «ኤዲያ! እንጀራው ዓይን አያወጣም» ብላ አስደነገጠቻት። ተከላ አውቃለሁ የሚለው ጎረምሳ ደግሞ ጠዋት ተተክሎ ማታ ይጋገርበታል ብሎ ማለ። እኔ ሜትር ይዤ ስደርስ ሦስቱም ምክር በቤቱ ውስጥ እየዞረ ነበር።

ለማያውቀው፣ ምርጥ ምጣድ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ተደባልቆ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ምድጃ ነው። አራት ጎባጣ ግድግዳዎች ተገጣጥመው ክብ ይሠራሉ፤ ከፊት እንጨት መማገጃ፣ ከኋላ ደግሞ ድስት የሚጣድበት መውጫ አለው። ንድፉ የወጣው አዲስ አበባ፣ በኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው። መብራት እየጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሊጥ ላይ ጉድ የሠራው ከተሜም ዛሬ ጓሮው ውስጥ ያስተክለዋል።

የቁጠባው ወሬ እውነት አለው። ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት አብዛኛውን ጉልበቱን ለነፋስና ለጋጋሪዋ ጉልበት ነው የሚሰጠው፤ ግድግዳው ያንን ሙቀት ሰብስቦ ወደ ምጣዱ ሆድ ይመልሰዋል። በሙከራ ቤት ቁጠባው እስከ ግማሽ ይደርሳል ይባላል። በከፋ ደን አካባቢ በሚኖሩ አባወራዎች ቤት ተሠርቶ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ያገኘው ግን ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ነው። ይህም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ ቢባል፣ ሙከራ ቤት ውስጥ ምጣዱ ልክ ነው፣ እንጨቱ ደረቅ ነው፣ መማገጃውን እስከ አፉ የሚጠቀጥቅ የለም። ቤት ውስጥ ሦስቱም ይጎድላሉ።

ስለዚህ ከሲሚንቶው በፊት ሜትር ያስፈልጋል። ምድጃው የሚሠራው 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት ላለው ምጣድ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ግን በእጇና በዓይኗ እንጂ በፋብሪካ ልኬት አትሠራም። የአክስቴ ምጣድ ሁለት ጣት ያህል ሰፍቶ ተገኘ። ተንጋዶ ቢቀመጥ ነበልባሉ በክፍተቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ምርጥ ምጣድ የተባለው ዋጋው የተወደደ ጉልቻ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ሌላ ምጣድ ተገዛ፣ ጠርዙም ዙሪያውን በጭቃ ተመረገ።

የጎረምሳው ተስፋ ግን ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካላዊ ለውጥ ስለሆነ፣ ተሠርቶ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ሆኖ ውሃ እየተረጨ መቆየት አለበት። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማቻኮል ማዳከም ነው። የመገጣጠሚያው ጭቃም እርጥብ እያለ እሳት ከተለኮሰበት፣ ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያው እሳት በጭራሮ፣ ቀስ እያለ ይሁን። አዲሱ የሸክላ ምጣድም በጎመን ዘር ሳይሟሽ ሊጥ አይፈስበትም፤ ይህን እንኳ ለአክስቴ ማስተማር ድፍረት ነው።

ቦታው ላይ ተከራከርን። እሷ የጉልቻውን ቦታ፣ የማድ ቤቱን መሐል፣ አልለቅም አለች፤ «እናቴም እዚሁ ነው የጋገረችው»። ተንቀሳቃሽ ጉልቻ መሐል ቢቀመጥ ያስኬዳል፤ በጭቃ የሚጣበቅ ምድጃ ግን አንዴ ከተተከለ የቤቱን አኗኗር ይወስናል። የኋላው መውጫ ግድግዳ ላይ ከተደገነ ጭሱ ተመልሶ በማገዶው አፍ ይወጣና የጋጋሪዋን ፊት ያጥናል። ማገዶ ማስገቢያው በቀጥታ ወደ በር ካየ ደግሞ ነፋሱ እሳቱን ያራግበዋል፤ ምጣዱ በአንድ ጎን ያራል፣ በሌላው ጎን ሊጡ ሳይበስል ይቀራል። የሣር ጣሪያ ከሆነማ ከላዩ ያለው ከፍታ ተለክቶ ነው የሚታሰበው። በመጨረሻ በመስኮቱ በኩል፣ ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ፣ ከፍ ያለ የጭቃ መደብ ተሠራለት። መደቡን የጠየቀው ወገቧ ነው።

«ጭስ አይኖርም» የሚለው የሻጭ ወሬ ነው። ይቀንሳል፤ አይጠፋም። ከኋላው የጭስ ማውጫ ቱቦ ቢቀጠልለት የበለጠ ይቀንሳል፤ መስኮቱ ግን ምንም ቢሆን አይዘጋም። በተቃራኒው ደግሞ «ጭስ ቤት ያጠነክራል» የሚሉ አዛውንት አሉ። አልተሳሳቱም። የሣር ክዳን በጭስ ይደርቃል፣ ነፍሳትም ይሸሹታል። ቆርቆሮ ለለበሰ ቤት ግን ጥላሸት ከመጨመር በቀር የሚሠራው የለም፤ ሳንባ ደግሞ ቆርቆሮም ሣርም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል።

«ከሰል ጭስ የለውምና አይጎዳም» የሚለው ከሁሉም የከፋ ነው። ፍሙ ከቀላ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይወጣዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፤ ከዚያ መንቃት ላይኖር ይችላል። የደብረ ብርሃን ብርድ ቢጠናም ፍም ያለበት ምድጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በር አይዘጋም።

አሁን ወደ እንጨቱ። «እርጥብ ባሕር ዛፍ ይበረክታል» ይላሉ፤ እውነትም ቶሎ አያልቅም። የማያልቀው ግን ለእንጀራው እየነደደ ስላልሆነ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ እሳቱ መጀመሪያ ያን ውሃ አፍልቶ ማባረር አለበት፣ ጭሱም የሚበዛው ያኔ ነው። እንግዲህ ምድጃ ልታስተክል ያሰበች ሴት ማገዶዋን ቀድማ በበጋ ታስፈልጥ፤ ቀጭን ቀጭኑን፣ ከመሬት ከፍ አድርጋ፣ ከላይ ክዳን ከጎን ነፋስ በሚያገኝበት ትደርድረው። ለክረምት የሚሆነው ጥር ላይ ነው የሚዘጋጀው።

የቀረው የዓይኑ ነገር ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ? እንጀራም ላይ ይሠራል። ዓይን የሚያወጣው በደንብ የቦካው ሊጥ ነው፤ በእርሾው የተፈጠረው ጋዝና የሊጡ እንፋሎት በጋለ ምጣድ ላይ ሽቅብ ሲወጡ ቀዳዳ ትተው ያልፋሉ። ምድጃው የሚያበላሸው አያያዙን ላልለመደ ሰው ነው። ግድግዳው ሙቀት ስለሚይዝ በጉልቻ ጊዜ የተለመደው የእንጨት መጠን ሲማገድበት ሥሩ ያራል። አክስቴ የመጀመሪያዎቹን አራት እንጀራዎች ለዚህ ገበረች። ከዚያ ማገዶውን ቀነሰች። ምድጃውን ለማጋል የሚሄደው እንጨት ለአምስት እንጀራም ለሠላሳም ያው በመሆኑ የሁለት ጎረቤት ሊጥ አስመጥታ በአንድ ጊዜ ጋገረች፤ ከኋላ የተጣደው ሽሮም አብሮ በሰለ።

«ዓይን አያወጣም» ያለችው ጎረቤት ሰፌዱ ላይ ያለውን እንጀራ አንስታ በመስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው። ብዙ አየችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችና «እስቲ ከእርሾሽ ትንሽ ቀንሺልኝ» አለች።