ሰዓት የሚያቆይ ሣጥን

አክስቴ ሜሪላንድ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነች። ደህና ደህናው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሲጀምር እሷ ለሥራ ጫማዋን ታስራለች፤ ጠዋት ስትመለስ የምትፈልገው እንቅልፍ ብቻ ነው። ለእሷ ብዬ የገጠምኩላት ዕቃ ዲጂታል የኬብል መቅጃ ይባላል፤ አሜሪካኖቹ ባጭሩ ዲቪአር ይሉታል። ሲያዩት ከዲሽ ሪሲቨር ብዙም አይለይም፤ ሆዱ ውስጥ ግን የኮምፒውተር ሀርድ ዲስክ አለ።

ድሮ ፕሮግራም የመቅዳቱን ሥራ የሚሠራው የቪዲዮ ዴክ ነበር። የተለመደው ካሴት በመደበኛ ፍጥነት ሁለት ሰዓት ይይዛል፤ ሲያልቅ ማጠንጠን አለ፣ ክሩ ተጠምዶ መቅረትም አለ። ፕሮግራም ቀድቶ በኋላ ማየት ሕጋዊ መሆኑ ራሱ ያከራክር ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ሰው ቤቱ ቀድቶ ቢያይ ጥፋት የለበትም ብሎ ወሰነ። ካሴቱን በዲስክ የተኩት ቲቮ እና ሪፕሌይቲቪ የተባሉት መሣሪያዎች ላስ ቬጋስ ላይ የታዩት እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ነው። የኬብል ኩባንያዎችም ኋላ መቅጃውን ከራሳቸው ሣጥን ጋር አዋህደው ያከራዩ ጀመር።

ሲገጠም ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። ኬብሉን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ መቅጃውን እንደ ዴክ ከጎን ያስቀምጠዋል። ትክክለኛው መንገድ ከግድግዳ ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ወደ ቴሌቪዥኑ ነው። በኬብል የሚመጣው አብዛኛው ጣቢያ የተቆለፈ ስለሆነ ቴሌቪዥኑ ብቻውን አይከፍተውም። ሣጥኑ ጣቢያውን ይመርጣል፣ ቁልፉን ይፈታል፣ ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ አንብቦ ለቴሌቪዥኑ ይሰጣል። ስለዚህ «ቀጥታ» ብለን የምናየው ሁሉ ለቅጽበት ዲስክ ላይ አርፎ የመጣ ነው። በር ሲንኳኳ ምስሉን አቁመን እንግዳ መቀበል የምንችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከግድግዳው የሚመጣው ኬብል ጫፉ ላይ መርፌ የመሰለ ሽቦ አለው። እሱ ከተጣመመ ምስሉ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ብሎኑንም በጣት ማጥበቅ ነው። ወደ ቴሌቪዥኑ ለሚሄደው ኤችዲኤምአይ ካለ ተገላገሉ፤ ምስሉንም ድምፁንም አንድ ገመድ ይወስዳል። በአሮጌው ቴሌቪዥን ግን ለምስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ለድምፅ ቀይና ነጭ ገመድ አለ። ቀዩ ሁለት ነው! እኔም ሁለቱን አለዋውጬ የዜና አንባቢውን ፊት አረንጓዴ አድርጌዋለሁ።

ቀጥሎ ለኩባንያው ይደወላል፤ በዚያው በኬብሉ የፈቃድ መልእክት ይልካሉ። የፕሮግራም ዝርዝሩ ግን ወዲያው አይሞላም፤ ባዶ ሆኖ ቢታይ ሣጥኑ ተበላሽቷል ብሎ ነቅሎ መሰካት ነገሩን ከማዘግየት በቀር አይፈይድም።

አክስቴን ያስቸገራት ሪሞቱ ነበር። ቴሌቪዥኑ ሣጥኑ በተሰካበት ሶርስ ላይ አንዴ ከተደረገ በኋላ ጣቢያ የሚቀየረው በሣጥኑ ሪሞት ነው። እሷ በለመደችው በቴሌቪዥኑ ሪሞት ስትነካካ ስክሪኑ ጠቆረ፤ «ልጄ፣ ዕቃህ ሞተ» ብላ ደወለችልኝ። የድሮውን ሪሞት መሳቢያ ውስጥ ከደበቅነው ወዲህ ዕቃው ሞቶ አያውቅም።

ጥራቱ ከፍ ያለ ሥርጭት በሰዓት እስከ 8 ጊጋባይት ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ በዚህ ስሌት 500 ጊጋባይት ዲስክ 60 ሰዓት ያህል ይይዛል። ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ ለአዲሱ ቦታ ስለሚያመቻች፣ የምንሳሳለትን «አይጥፋ» ብለን ምልክት ማድረግ አለብን። ሁለት የጣቢያ መቀበያ (ቲዩነር) ያለው ሣጥን አንዱን እየቀዳ ሌላውን ያሳያል።

ሣጥኑ የሚያውቀው የፕሮግራሙን ሰዓት እንጂ ጨዋታውን አይደለም። የአክስቴ ልጅ የዋንጫ ግጥሚያ እንዲቀዳለት ለሁለት ሰዓት አዝዞ ወጣ፤ ጨዋታው ጭማሪ ሰዓት ገባ፣ ቀረጻውም መለያ ምቱ ሳይደርስ ተቋረጠ። ስፖርት ሲቀዳ መጨረሻው ላይ አንድ ሰዓት መጨመር ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ሕግ ሆነ።

ሌላው የቤቱ ሕግ የመጣው ከሩጫ ነው። የቦስተን ማራቶን የሚሮጠው በአሜሪካኖቹ ሚያዝያ ሦስተኛው ሰኞ ጠዋት ነው። ኢትዮጵያዊው ሯጭ ሌሊሳ ዴሲሳ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያሸንፍ አክስቴ ተኝታ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተነስታ ቡናዋን አፈላች፣ ሩጫውን ከመነሻው ከፈተች። ገና አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሳለች ጎረቤቷ «እንኳን ደስ ያለሽ!» ብላ ደወለች። አክስቴ ምስሉን አቁማ ስልኩን ትኩር ብላ አየችው። ዛሬ ሩጫ በሚቀዳበት ቀን ከመተኛቷ በፊት ሁለት ነገር ታደርጋለች፤ ሣጥኑን ታዛለች፣ ስልኳን ታጠፋለች።