ቦንጋ ለምን በሁለት ቋንቋ ታወራለች?

ቦንጋ ገበያ ውስጥ ቆም ብላችሁ ጆሮ ብትሰጡ፣ ሻጯ ከጎረቤቷ ጋር በካፊ ኖኖ ስትጫወት ትቆይና እናንተ ዋጋ ስትጠይቋት በአማርኛ ትመልሳለች። እንዴት ሁለቱ ቋንቋዎች እዚህ ተገናኙ? ይህን ለማወቅ መጀመሪያ አንድ ወንዝ እንሻገር።

ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትጓዙ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ጎጀብ ወንዝ ላይ ያደርሳችኋል። ጎጀብ ኦሞን ይቀላቀላል፤ ኦሞ ደግሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ድልድዩን አልፋችሁ ዳገቱን ስትወጡ ደኑ ይቀበላችኋል። ቦንጋ ያለችው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አካባቢው በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ ነው። በዚያ ዝናብ በለመለመው ደን ጥላ ሥር፣ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ዩኔስኮ ደኑን በ2010 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል። (በነገራችን ላይ፣ "ኮፊ" የሚለው ቃል ከ"ካፋ" መጣ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙ የቋንቋ ምሁራን ግን ቃሉን የሚያያይዙት ከአረብኛው "ቀህዋ" ጋር ነው። ካፋዎች ራሳቸው ቡናን "ቡኖ" ነው የሚሉት።)

ታዲያ ጎጀብ ለቋንቋው ምን አደረገ? እዚህ ለዘመናት የካፋ መንግሥት ነበር፤ ቦንጋም ከዋና ከተሞቹ አንዷ ነበረች። መንግሥቱ ወንዙን እንደ አጥር ተጠቀመበት፤ ወንዝ በሌለበት ደግሞ ጥልቅ ቦይ አስቆፈረ። እንግዳ የሚገባው በጥበቃ በር ብቻ ነበር።

አሁን ካርታ አውጡ። የካፊ ኖኖ ዘመዶች የት የት እንዳሉ እዩ፦ አንዱ እዚያው አጠገብ ሸካ ውስጥ፣ ሌላው ወለጋ ውስጥ አንፊሎ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዓባይ ማዶ፣ መተከል ያሉት ሺናሻዎች ቋንቋ። እንደ ተበጠሰ ጨሌ ተበታትነው ታገኟቸዋላችሁ! የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚሉት እነዚህ ሕዝቦች ቀድሞ ሰፊ አገር ላይ ይኖሩ ነበር፤ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በነበሩት ጦርነቶችና የሕዝብ እንቅስቃሴዎች ተለያዩ። አንፊሎ ዛሬ ሊጠፋ ተቃርቧል። ካፊ ኖኖ ግን ወንዝ፣ ቦይና መንግሥት ነበረው። ለእኔ ልዩነቱን ያመጣው ይህ ነው።

አጥሩ የፈረሰው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው የአፄ ምኒልክ ጦር ካፋን ወረረ። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ወራት የፈጀ ውጊያ ካካሄዱ በኋላ ተማረኩ፤ ካፋን ዳግም ሳያዩም በ1919 እ.ኤ.አ. በግዞት አረፉ። አገሬው በጦርነቱ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አማርኛ ከጦሩ ጋር ገባ፤ ቀጥሎ የችሎት፣ የቢሮ፣ ኋላም የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። ዛሬም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች ስላሉት፣ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫም ቦንጋ ናት።

ካፊ ኖኖ የመማሪያ ቋንቋ የሆነው ከ1991 እ.ኤ.አ. ለውጥ ወዲህ ነው። የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ምክንያቱን በራሱ በስሙ እንየው። "ኖኖ" ማለት "አፍ" ማለት ነው (እኛም "አፍ መፍቻ" እንል የለ!)። በካፊ ኖኖ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር የቃል ትርጉም ሊለወጥ ይችላል፤ "ኖኖ" ሲባልም ድምፁ ረዘም ይላል። በግዕዝ ፊደል ስንጽፈው ያ ርዝመት አይታይም፤ በላቲን ግን "ኦ"ን ሁለት ጊዜ መጻፍ ይበቃል። በእርግጥ በግዕዝ ፊደልም ምልክት ጨምሮ መፍታት ይቻል ነበር፤ ክርክሩ ዛሬም አልሞተም። እስከዚያው የቦንጋ ልጅ "ቡኖ"ን በላቲን፣ "ቡና"ን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይማራል።