ዝናቡ መስመሩን ከመቁረጡ በፊት

ጣሪያው ላይ ዲሽ የሰቀለ ሁሉ ይህን ያውቃል። ክረምት ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ዶፉ ሲወርድ የቴሌቪዥኑ ምስል መጀመሪያ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ባለበት ይደርቃል፣ በመጨረሻ ሲግናል እንደሌለ የሚናገር ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። ዝናቡ ሲያባራ ማንም ሳይነካው ይመለሳል። ከሞባይል ማማ ወደ ማማ በሚሻገረው መስመር ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። እዚያ ግን የሚጠፋው የአንድ ቤት ምስል ሳይሆን የአንድ አካባቢ ሕዝብ ስልክ ነው።

ብዙ ሰው ዝናብ የሚያውከው በስልኩና በማማው መካከል ያለውን ግንኙነት ይመስለዋል። አይደለም። ስልክ ከሚሠራባቸው ሞገዶች አንዱ የሆነው የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የዝናብ ጠብታ ደግሞ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ላለው ሞገድ ጠብታ ምንም አይደለችም። ችግሩ ያለው ከፍ ብሎ ነው። ፋይበር ያልደረሰለት ማማ ከሌላው ማማ ጋር የሚነጋገረው ጎኑ ላይ በተሰቀለችው ከበሮ መሳይ አንቴና፣ በማይክሮዌቭ ነው። 23 ጊጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት ወደ 13 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ 80 ጊጋኸርዝ ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ያን ጊዜ ጠብታና ሞገድ እኩያ ለእኩያ ይገናኛሉ፤ እያንዳንዷ ጠብታ ከኃይሉ ጥቂቱን ትውጣለች፣ ጥቂቱን ትበትናለች። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ዶፍ በ23 ጊጋኸርዝ መስመር ላይ በየኪሎ ሜትሩ የሚያሳልፈው ከኃይሉ ሩቡን ያህል ብቻ ነው። 4 ኪሎ ሜትር ዶፍ ያቋረጠ ሲግናል ከ250 እጅ አንድ እጅ ያህሉ ይተርፈዋል።

መሐንዲሶች ይህን አስበው መስመሩን ሲዘረጉ የመጠባበቂያ ኃይል ይተዋሉ። ስሌታቸው የሚነሳው ከአካባቢው የዝናብ ጠባይ ነው፦ ከዓመቱ 0.01 በመቶ በሚሆነው ጊዜ፣ ማለትም በ53 ደቂቃ ያህል ውስጥ፣ ዝናቡ ምን ያህል ይበረታል? ስሌቱ ጥሩ ነው፣ ዓለምም ሲሠራበት ኖሯል። ነገር ግን መስመሩ በዓመት ስንት ደቂቃ እንደሚቋረጥ እንጂ በየትኛው ቀን እንደሚቋረጥ አይነግርም። ማሽን ካለፈው መዝገብ ተምሮ እንዲተነብይ የሚያደርገው ዘዴ፣ ማሽን ለርኒንግ፣ የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባዘጋጀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ውድድር ላይ የቱርኩ ኩባንያ ቱርክሴል ጥያቄውን ለተወዳዳሪዎች አቀረበ፦ ነገ የትኛው መስመር ይበላሻል? በመጪዎቹ 5 ቀናትስ? የተሰጣቸው የየመስመሩ የቀን ውሎ መዝገብ፣ የአየር ጠባይ ጣቢያዎች የለኩትና የተነበዩት፣ እንዲሁም በማማዎቹና በጣቢያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ነበር። ማማና ጣቢያ አንድ ቦታ ላይ አይቆሙም፤ ጣቢያው ጋ ፀሐይ ወጥቶ ማማው ጋ በረዶ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ለእያንዳንዱ መስመር የትኞቹ ጣቢያዎች እንደሚመሰክሩለት መለየት ነው።

ከዚያ ማሽኑ ያለፈውን እያየ ይማራል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ የውሳኔ ዛፎች ስብስብ ነው። አንዱ ዛፍ እንዲህ እያለ ይወርዳል፦ ለነገ ከባድ ዝናብ ተተንብዮአል? መስመሩ ረጅም ነው? ትናንት የተደናቀፈባቸው ሰከንዶች ነበሩ? በመቶ የሚቆጠሩ ዛፎች የየራሳቸውን ፍርድ ይሰጡና ድምፃቸው ይቆጠራል። ዝናብ ብቻ አይደለም የሚታየው፤ አንቴናን ከአቅጣጫው የሚያዛንፍ ነፋስ አለ፣ ጸጥ ባለ ንጋት ሞገዱን የሚያጎብጥ የአየር ንብብርም አለ።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ውጤቱ የሚለካበት መንገድ ነው። ብልሽት እምብዛም አይከሰትም። ከ1,000 መስመሮች በቀን አንዱ ብቻ ይቋረጣል ብንል፣ ምንም ሳይማር ሁልጊዜ “ሁሉም ደህና ነው” የሚል ማሽን 99.9 በመቶ ትክክል ይሆናል፤ ጥቅሙ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ “ማሽናችን 99 በመቶ ትክክል ነው” የሚል ሻጭ ሲመጣ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ በእርግጥ ከደረሱት ብልሽቶች ስንቱን ቀድሞ ያዘ? ካስጠነቀቀውስ ስንቱ እውነት ሆነ?

ትንበያው ሲሠምር ጥሪና ዳታ አስቀድሞ በሌላ መስመር ይዞራል፣ የጄኔሬተር ነዳጅ ይሞላል። ሌላም ጥቅም አለው፣ እኔ ትልቁ እሱ ይመስለኛል። ዝናብ የቆረጠው መስመር ዝናቡ ሲያባራ ራሱ ይመለሳል። ይህን የሚያውቅ ተቆጣጣሪ ቴክኒሻኑን በጭቃ መንገድ፣ በመብረቅ ውስጥ ተራራ ላይ ወዳለ ማማ አይሰድም።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። በ2006 እ.ኤ.አ. የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲዋ ሐጊት ሜሰርና ባልደረቦቿ በማማዎች መካከል ከሚዳከመው ሲግናል የዝናብን መጠን ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። በ2013 እ.ኤ.አ. ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ የአገራቸውን የዝናብ ካርታ ሠሩ፤ ከአፍሪካም ቡርኪና ፋሶ ላይ ተሞክሮ ውጤት ተገኝቶበታል።

የዝናብ መለኪያ ጣቢያ በሳሳበት፣ ማማው ከተራራ ተራራ በሚነጋገርበት በእኛ አገር ይህ ሁለት ጥቅም በአንድ መዝገብ ነው። ማሽኑ የሚማረው ካለፈው ክረምት ነውና፣ በቴሌኮም ኩባንያዎቻችን የምትሠሩ መሐንዲሶች፣ አንቴናዎቻችሁ በየ15 ደቂቃው የሚመዘግቡትን የሲግናል መጠን አታጥፉት፤ አስቀምጡት፣ ለሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎችም አካፍሉት።