ይዘት ነው ወይስ የዝንብ ኩስ? በባዶ ቀለበት የብራና ነጥብን ስለ መመርመር

በድጓ መጽሐፍ ላይ አንዲት ነጥብ ትንሽ ነገር አይደለችም። ከፊደሉ በላይ በሥፍራዋ ስትቀመጥ ይዘት ትባላለች፤ ነጥቦች ተከታትለው ሲደረደሩ ደግሞ ርክርክ ይሆናሉ፤ ዜማውም እንደዚያው ይለወጣል። ይሁን እንጂ ብዙ ዘመን በኖረ ብራና ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ሁሉ ጸሓፊው ያኖረው አይደለም። ዝንብ ያርፍበታል፤ የጧፍ ጥላሸት ይወድቅበታል፤ በብራናው የጠጕር ወገን እንስሳው በሕይወት ሳለ ጠጕር የበቀለባቸው ቀዳዳዎች ጠቁረው ይቀራሉ። ምልክት የተባለው ጽሕፈት ደግሞ እጅግ ረቂቅ ስለ ሆነ ዓይነ ብርሃኑ የደከመ መምህር ይህን ከዚያ ለመለየት ይቸገራል።

የዜማ ምልክት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተሠራ ሊቃውንቱ ይተርካሉ። ከዚያ ወዲህ ስንት እጅ ገልብጦታል! ገልባጩ የዝንብ ኩስ አይቶ ይዘት ብሎ ቢጽፍ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ገልባጭ በንጹሕ ብራና ላይ ንጹሕ ይዘት ያገኛል፤ መጠራጠሪያውም ይጠፋል።

አንዳንዶች የተጠራጠሩትን ነጥብ በጥፍራቸው ጫፍ ይፍቁታል። ይህ ልማድ ክፉ ነው። የእኛ ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የሚዘጋጅ በመሆኑ በቆዳው ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል እንጂ ጠልቆ አይገባም፤ ሲያረጅም ይረግፋል። ስለዚህ የተፋቀችው ነጥብ ይዘት እንደ ነበረች የሚታወቀው ከጠፋች በኋላ ነው።

ሳይነኩ ለማየት የሚረዳው ካሜራ ነው። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሠራው ማክሮ ሌንስ ግን ዋጋው ለአንድ መነኵሴ ቀርቶ ለማኅበርም ይከብዳል። በእርሱ ፈንታ የምንጠቀምበት ዕቃ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ይባላል፤ እኛ ማራዘሚያ ቀለበት ብለነዋል። በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ክብ ቀለበት ሲሆን በውስጡ መስተዋት የለውም፤ አየር ብቻ ነው። ርካሽ የሆነውም ስለዚህ ነው። ሥራው ሌንሱን ከሴንሰሩ ማራቅ ነው። በጧፍ ፊት የተያዘ እጅ ግድግዳው በራቀ ቍጥር ጥላው እንደሚገዝፍ፣ ሌንሱም ከሴንሰሩ ሲርቅ ምስሉ ይገዝፋል፤ ሌንሱ ቀድሞ ሊያጠራው ወደማይችለው ቅርብ ነገርም መጠጋት ይቻላል። ቀለበቱ በካሜራው ላይ ሳለ ግን ሩቅ ነገር አይጠራም፤ የደብሩን ጕልላት ለማንሣት ቀለበቱን መፍታት ያስፈልጋል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የቀለበቱ ርዝመት ለሌንሱ የትኵረት ርዝመት ይካፈላል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቀለበት ቢገባ የምስሉ መጠን በግማሽ ይጨምራል። በገበያ ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው ይሸጣሉ፤ ለምሳሌ 12፣ 20 እና 36 ሚሊ ሜትር። የ36ቱን በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ብናስገባ 0.72 እናገኛለን፤ ሌንሱ በራሱ ሲጠጋ የሚሰጠው 0.15 ያህል ሲጨመርበት 0.87 ገደማ ይሆናል። ይህም ወርዱ 24 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነ ሴንሰር ላይ ከድጓው መስመር ሁለት ሦስት ቃላት ብቻ ፎቶግራፉን ይሞላሉ ማለት ነው። በ100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ግን ያው ቀለበት የሚጨምረው 0.36 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ረጅም ሌንስ አትፈልጉ።

እጅግ ርካሹ ቀለበት የኤሌክትሪክ መገናኛ ስለሌለው ካሜራው የአዲሱን ሌንስ የብርሃን መግቢያ፣ ማለትም አፐርቸሩን፣ ማዘዝ አይችልም። አፐርቸሩ በእጅ የሚዞር የፊልም ዘመን ሌንስ በሣጥኑ ያስቀመጠ ሰው ግን ምንም አይጎድልበትም፤ እኛም የምንመርጠው ይህንኑ ነው።

ርካሽ ዕቃ የሚያስከፍለው ሌላ ዋጋ አለው፤ ብርሃን ይቀንሳል። ምስሉ ከዕቃው ጋር እኩል እስኪሆን ሲገዝፍ ሴንሰሩ ላይ የሚደርሰው ብርሃን አንድ አራተኛ ብቻ ነው። የሚጠራውም ጥልቀት አፐርቸሩ ኤፍ 8 ሲሆን ከ1 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ብራና ደግሞ ይጐብጣል፤ አንዱ ቃል ሲጠራ ጎረቤቱ ይደበዝዛል። መጽሐፉን ለማቅናት ብሎ መጫን አይገባም፤ በለስላሳ ትራስ ላይ ሆኖ በወደደው መጠን ይከፈት። ካሜራው በባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ ቆሞ በሁለት ሰከንድ መዘግየት ራሱ ያንሣ። የሌንሱን ቀለበት ከማዞር ይልቅ ካሜራውን በጥቂቱ ማቅረብና ማራቅ ይሻላል።

የምርመራው ምሥጢር ያለው በብርሃኑ አቀማመጥ ነው። ብልጭታ አንጠቀምም፤ ጧፍማ ከቶ አይቅረብ። አነስተኛ የእጅ ባትሪ ከብራናው ጎን ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ከቀኝ፣ ቀጥሎ ከግራ። ቀለም ስስ ስለ ሆነ ጥላ የለውም ለማለት ይቻላል። የዝንብ ኩስና የሰም ጠብታ ግን ጕብ ስለሚሉ ጥላቸው ከብርሃኑ በተቃራኒ ወገን ይወድቃል። የጠጕር ቀዳዳ ጕድጓድ ነውና ጥላው ብርሃኑ በመጣበት በኩል ባለው ከንፈሩ ሥር ይታያል። ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ብዙ መከራከር አያስፈልገውም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም በአንድ ጾመ ድጓ ላይ ይዘት ስትባል የኖረች ነጥብ እንዲህ ብናነሣት የጠጕር ቀዳዳ ሆና ተገኘች። አንድ አረጋዊ አባት ግን «መምህሬ በዚያች ቦታ ይያዛል ብለው አስተምረውኛል» አሉ፤ እኛም አልተከራከርናቸውም። ፎቶግራፉ የሚመሰክረው በዚያ ቦታ ቀለም አለመኖሩን ብቻ ነው፤ ጸሓፊው ዘንግቶት ሊሆን ይችላልና በቃል የተላለፈውን ትምህርት ለመሻር አይበቃም።

ወደ ቅድስት ሀገር የምትመጡ ምእመናን ሆይ፣ ቀለበቱ በኪስ የሚያዝ ነው፤ በየአጥቢያችሁም ያረጀ ድጓ አይጠፋም። ከገበዙና ከዕቃ ቤት ኃላፊው ፈቃድ ሳታገኙ አትጀምሩ፤ ገጹንም የሚገልጡት እነርሱ ይሁኑ። ለእጅ ስልክ ይህ ቀለበት አይሆንም፤ ሌንሱ የሚፈታ ካሜራ ያስፈልጋል። ነጥቢቱን ከማንሣታችሁ በፊት ገጹን በሙሉ አንሡ፤ ቅጠሉን፣ ዐምዱንና መስመሩን ቍጥር ሰጥታችሁ ጻፉ፤ ትንሽ ማስመሪያም በኅዳጉ አጠገብ አኑሩ። ብቻዋን የተነሣች ነጥብ የየትኛው ቃል እንደ ሆነች ማንም ሊያውቅ አይችልምና።